በድርቅ ዘመን ውኃው፣ ዘሩና እሳቱ በማን እጅ ናቸው?



የደቡባዊው የሀገራችን ቆላ ሕዝብ ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. ያሳለፈውን መከራ ልንረሳው አይገባንም። በቦረና፣ በጉጂ ቆላማ ወረዳዎችና በሶማሌ ክልል፣ ከድንበርም ማዶ በኬንያና በሶማሊያ፣ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚጠበቀው አጭር ዝናብ ቀረ፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዋናው ዝናብም ቀረ፤ ሕዝቡ «የሚቀጥለውስ አይቀርም» እያለ ሲጠባበቅ የሚቀጥለውም ቀረ። ባለፉት አርባ ዓመታት እንዲህ ያለ ድርቅ በዚያ ምድር አልታየም ነበር። በቦረና ዞን ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አለቁ። ትናንት በወተት የጠገበ ቤተሰብ ዛሬ ባዶ በረት ታቅፎ ቀረ፤ ከብቱን ሲነዳበት የኖረውን በትር ብቻ ይዞ ወደ መጠለያ የተሰደደም ብዙ ነው።

ከዚያም በጥቅምትና በኅዳር 2016 ዓ.ም. ዝናቡ መጣ፤ ግን ጎርፍ ሆኖ መጣ። የደረቀውና ሣር የራቀው መሬት ውኃውን ሊይዘው አልቻለም፤ ከሞት የተረፈውን ከብትና ማሳ ጎርፉ ጠርጎ የወሰደባቸው ስፍራዎች ነበሩ።

ድርቅ በሀገራችን ተመላልሶ የሚመጣ እንግዳ ነው። ስለ እርሱ መነጋገር የሚገባን በራፋችንን ካንኳኳ በኋላ አይደለም፤ ገና በመንገድ ሳለ ነው። በዚህ ጽሑፍም በቅዱስ መጽሐፍና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ብርሃን አንድ ጥያቄ እንመረምራለን፦ ዝናብ ከሰማይ ነው፤ ከሰማይ የወረደው ውኃ፣ ከጎተራ የተረፈው ዘርና በእጃችን የምንለኩሰው እሳትስ በማን እጅ ናቸው?

1. ድርቅ የእግዚአብሔር ቍጣ ነውን?

በድርቅ ጊዜ በመንደር ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንደኛው ጣት የሚቀስር ነው፤ «ዝናቡን ያስከለከለው የእነ እገሌ ኃጢአት ነው» ይላል። ሁለተኛው እጅ አጣጥፎ የሚቀመጥ ነው፤ «አምላክ የዘጋውን ማን ይከፍተዋል? ከመጠበቅ በቀር ምን እናደርጋለን?» ይላል። ሁለቱም የሃይማኖት ቃል መስለው ይቀርባሉ፤ ሁለቱም ግን ከወንጌል የራቁ ናቸው። ካቴኪስት ሁሉ እነዚህን ሁለት ንግግሮች ለይቶ ሊያውቃቸውና በትሕትና መልስ ሊሰጥባቸው ይገባል።

ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎች ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ገልጿል (ሉቃ. 13)። በተራራው ስብከቱም የሰማይ አባት ዝናቡን ለጻድቁም ለበደለኛውም እንደሚሰጥ አስተምሯል (ማቴ. 5)። እንግዲህ ዝናብ የጽድቅ ደመወዝ ካልሆነ፣ የዝናብ መቅረትም በአንድ መንደር ወይም በአንድ ወገን ራስ ላይ የተጻፈ ፍርድ ነው ብለን ልንናገር አንችልም። ነቢዩ ኤልያስን እንመልከት። ድርቁን ያወጀው እርሱ ራሱ ነበር። ሆኖም የሚጠጣበት የኮራት ፈፋ በደረቀ ጊዜ ከመከራው አልተለየም፤ ተነሥቶ ወደ ሰራፕታ ሄደና ከአንዲት ባዕድ መበለት ውኃና ቍራሽ እንጀራ ለመነ (1ነገ. 17)። የእግዚአብሔር ሰው ከድርቁ አላመለጠም፤ ያዳነችውም ከእስራኤል ወገን ያልሆነች፣ ጥቂት ዱቄትና ጥቂት ዘይት ብቻ የቀራት ሴት ናት።

የተፈጥሮን ሥራ የሚመረምሩ ሊቃውንትም በበኩላቸው የሚነግሩን አለ። የሰላማዊው ውቅያኖስ ውኃ ገጽ ከወትሮው ሲቀዘቅዝ (ይህን «ላ ኒኛ» ይሉታል) በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ የመጸው ዝናብ ይሳሳል። በዚያ ጊዜ ላ ኒኛ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ቆየ። ከዚህም በላይ የዓለም ሙቀት እየጨመረ በመምጣቱ መሬት በዝናብ ያገኘችውን ጥቂት እርጥበት እንኳ ፀሐዩ ፈጥኖ ይመጥባታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የሳይንቲስቶች ጥናት እንዳሳየው፣ የሰው ልጅ ነዳጅና ከሰል በማቃጠል ያመጣው ሙቀት ይህን የመሰለውን ድርቅ የመድረስ ዕድል ቢያንስ መቶ ጊዜ አሳድጎታል። እንግዲህ በዚህ ነገር በደል የለም አንልም፤ በደሉ ግን ከብቶቹ ባለቁበት አርብቶ አደር ደጃፍ አይፈለግም። ፋብሪካም መኪናም የሌለው ሰው ሌሎች ያነደዱትን እዳ ሲከፍል እናያለን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ በ2023ም «ላውዳቴ ዴኡም» በተባለው መልእክታቸው አጥብቀው ያስገነዘቡት ይህንኑ ነው፦ የምድር ጩኸትና የድኾች ጩኸት አንድ ጩኸት ነው።

እጅ አጣጥፈን እንዳንቀመጥ ደግሞ የራሳችን ታሪክ ያስተምረናል። በ1977 ዓ.ም. ዝናብ ቀረ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አለቁ። በ2008 ዓ.ም. በኤል ኒኞ ምክንያት ዝናብ እጅግ ሲጎድል 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈለገው፤ ያን የመሰለ እልቂት ግን አልደረሰም። ሁለቱን ዘመናት የለያቸው የደመናው ብዛት አልነበረም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር፣ መንገዱ፣ አስቀድሞ የተከማቸው እህልና አስቀድሞ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ናቸው። ዝናብ ሲቀር ድርቅ ይሆናል፤ ድርቅ ረኃብ የሚሆነው ግን ሰው ለብቻው ሲቀር ነው።

2. ነቢዩ ኢዩኤል ያየው

የኢዩኤል ትንቢት የመጀመሪያው ምዕራፍ የእኛን ቆላ አይቶ የጻፈው ይመስላል። ነቢዩ የደረቀውን ጅረት ያያል። ከጓሉ በታች የጠፋውን ዘርና የፈረሰውን ጎተራ ያያል። ማሰማርያ አጥተው የሚቅበዘበዙትን ላሞች ያያል። በመጨረሻም የምድረ በዳውን ማሰማርያ የበላውን እሳት፣ የዱሩን ዛፍ ያቃጠለውን ነበልባል ያያል። ውኃ፣ እርሻና እሳት በአንድ ምዕራፍ ተሰብስበዋል፤ በተፈጥሮም የተያያዙ ናቸውና። ውኃው ሲጎድል ሣሩ ይደርቃል፤ ሣሩ ሲደርቅ አንዲት ፍንጣሪ ተራራ ታጋያለች፤ ተራራው ሲራቆት የሚመጣው ዝናብ ሳይሰርግ ይሄዳል፤ ምንጩም ዳግመኛ ይደርቃል።

ነቢዩ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ምን አዘዘ? እያንዳንዱ በየቤቱ ገብቶ እንዲያለቅስ አላዘዘም። ጾም እንዲታወጅ፣ ሽማግሌዎችና በምድሪቱ የሚኖሩ ሁሉ በእግዚአብሔር ቤት እንዲሰበሰቡ አዘዘ። በሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ጡት የሚጠባ ሕፃንና ሙሽራ እንኳ እንዳይቀሩ ይጠራል። ለድርቅ የቅዱስ መጽሐፍ የመጀመሪያው መልስ ጉባኤ ነው። በሀገራችንም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ይህን ይዘን ወደ ሦስቱ ነገሮች እንሻገር።

3. ውኃው

በይስሐቅ ዘመን በምድር ላይ ራብ ነበረ (ዘፍ. 26)። ይስሐቅ አባቱ አብርሃም የቆፈራቸውንና ጠላቶች በአፈር የደፈኗቸውን የውኃ ጕድጓዶች እንደገና አስቆፈረ። በአንዱ ላይ የጌራራ እረኞች ተጣሉት፤ ኤሴቅ ብሎ ሰየመው። በሁለተኛውም ላይ ተጣሉት፤ ስጥና ብሎ ሰየመው። በሁለቱም ስሞች ውስጥ ጠብ አለ። ይስሐቅ ግን በጕድጓዱ አፍ ላይ ደም ከማፍሰስ ይልቅ ሦስተኛ ቆፈረ፤ በእርሱም ላይ አልተጣሉትምና ርኆቦት አለው። ትርጓሜውም ስፋት ነው። የርስቱ ሰው መብቱን ትቶ ሳይሆን፣ ከመብቱ በላይ ሰላምን ወድዶ ነው እንዲህ ያደረገው።

የቦረና ሕዝብ ይህን ጥበብ ከዘመናት በፊት ያውቀዋል። «ቱላ» የሚባሉት ዘጠኙ የታወቁ ጥልቅ የውኃ ጕድጓድ ስፍራዎች በብዙ ትውልድ ድካም የተቆፈሩ ናቸው። ወጣቶች ከጕድጓዱ ወለል እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲውን በዜማ እየተቀባበሉ ወደ ገንዳው ያደርሱታል፤ አንዱ እጁን ቢያነሣ ውኃው ላይ አይደርስም። የማጠጣቱን ተራ «አባ ሄሬጋ» የሚባል አለቃ በየዕለቱ ይቆጣጠራል፤ የማን ከብት ቀድሞ፣ የማን ተከትሎ እንደሚጠጣ የታወቀ ሥርዓት አለ። ጠምቶት ለመጠጥ የመጣ ተጓዥ ግን አይከለከልም። በዚያ በከፋው ድርቅ ጊዜ ከብቶቻቸው ያለቁባቸው ብዙ ቤተሰቦች የተጠለሉበት ዱብሉቅም ከእነዚህ የቱላ ስፍራዎች አንዱ ነው። አባቶች በላብ የቆፈሩት ውኃ ለልጆች በመከራቸው ቀን መጠጊያ ሆነ።

ሥርዓት የሌለው ውኃ ግን ዝናብ ሳይቀርም ያልቃል። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ ነበር። ዙሪያው ያለው ሁሉ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ሲስበው፣ ከተማውም ሲቀዳው፣ ከተራቆተው ተዳፋትም ደለል ሲገባበት ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። ሐይቁን ያደረቀ አንድ ጠላት አልነበረም፤ እያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ብቻ ወሰደ፣ ስለ ሁሉም የሚያስብ ግን አልነበረም። በኋላ ውኃው በከፊል መመለሱ የእግዚአብሔር ምሕረት ዛሬም እንዳልተቋረጠ ያሳየናል፤ ምሕረት ደግሞ ጠባቂ ይሻል።

ቤተ ክርስቲያን የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ የሰው ሁሉ መብት እንደሆነ ታስተምራለች። ስለዚህ በቁምስናችን ግቢ የእጅ ፓምፕ ወይም ቦኖ ካለ፣ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ዋቄፈታውም እኩል ይቅዳበት። በተራው ላይ ጉልበተኛው ቀድሞ፣ ጀሪካን የተሸከመች ሕፃን እስከ ማታ የምትቆምበት ሰልፍ የክርስቲያን ሰልፍ አይደለም። የውኃ ኮሚቴውም የተሰበሰበውን ሳንቲም መዝግቦ ያኑር፤ የፓምፑ ጎማ ሲያልቅ መለወጫው ከዚያ ይገኛልና። ሁላችንም በአንድ ውኃ ተጠምቀናል፤ ወደ ጥምቀት ገንዳ የራሱን ውኃ ይዞ የመጣ ማንም የለም።

4. ዘሩ

ዮሴፍ በግብፅ የሠራው ሥራ በጥጋብ ዘመን የተሠራ መሆኑን ልብ እንበል። ሰባቱ የረኃብ ዓመታት ከመድረሳቸው በፊት በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህሉን በየከተማው አከማቸ (ዘፍ. 41)። ድርቅ የሚሸነፈው በመኸሩ ጊዜ ነው። ገበሬ ጎተራው ባዶ ሲሆን በመጀመሪያ ዶሮውንና ፍየሉን ይሸጣል፤ ቀጥሎ በሬውን ይሸጣል፤ በመጨረሻም ዘሩን ይበላል። ዘሩ የተበላበት ቤት ዝናቡ ሲመለስ እንኳ ከድርቁ አይወጣም፤ ደመናውን እያየ የሚዘራው የለውምና። በሬውን በርካሽ የገዛው ጎረቤት በዚያ ቀን ያተረፈ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከጎኑ ያለው ማሳ ሳይታረስ ሲቀር መንደሩ በሙሉ ይደኸያል።

በሀገራችን ይህን የሚከላከሉ ጥንታውያን ጥበቦች አሉ። እንሰት የሚተክለው ሕዝብ ጥቂት ወራት ዝናብ ቢጎድልም ከመሬት ውስጥ የሚቆፍረው ምግብ አለው። የኮንሶ ሕዝብ ከአራት መቶ ዓመት በላይ በድንጋይ ካብ እርከን እየሠራ አፈሩንና ውኃውን በተራራው ላይ አስሮ ይዟል፤ ይህም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኮንሶም ከድርቅ ነጻ አልሆነችም፤ ይሁን እንጂ አንድ ትውልድ ብቻውን ሊገነባው የማይችለው እርከን ከሀያ በላይ ትውልዶች በደቦ ሲሠሩት ምን እንደሚሆን ታሳየናለች። በቦረና ዘንድ ደግሞ «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል ሥርዓት አለ፤ ከብቶቹ ላለቁበት ሰው የጎሳው ወገኖች እያንዳንዳቸው አዋጥተው እንደገና መንጋ ያቆሙለታል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ሰውየውን ተቀባይ አድርጎ ሳይሆን ባለ ከብት አድርጎ ይመልሰዋልና።

የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ368 ገደማ በቀጰዶቅያ ድርቅና ረኃብ በሆነ ጊዜ ያቀረበው ስብከት እስከ ዛሬ ይነበባል። ቅዱሱ የዝናቡን መቅረት ምክንያት በድኾች ላይ አልፈለገም፤ ዓይኑን ያነሣው እህል ወደ ቈለፉት ባለጸጎች ነው። ሰማዩ የተዘጋው እጃችን ስለተዘጋ ነው ይላቸዋል፤ ፍቅር ደርቋልና እርሻውም ደረቀ ይላቸዋል። ሕፃናትን ወደ ምሕላው ልከው እነርሱ ግን በንግዳቸው የቀሩትንም ይወቅሳል። ቃሉን በሥራ በማጽናትም ጎተራ አስከፍቶ ለተራቡት ምግብ አደለ። በዘመናችንም በእርሱ መንገድ የሄዱ አሉ። በ1977 ዓ.ም. የካቶሊክና የሉተራን የእርዳታ ድርጅቶች ከሀገራችን አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድ ተሰልፈው እህል አጓጉዘው ለተራበው አድለዋል፤ የተራበው ሰው የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደሆነ አልተጠየቀም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1980 በዋጋዱጉ ከተማ ቆመው በሳህል ምድር ለሚጠማው ሕዝብ ዓለምን ተማጽነዋል።

በመንደር ደረጃ ይህ ምን ይሆናል? በመኸር ጊዜ ከእያንዳንዱ ቤት ጥቂት ጣሳ ዘር ተሰብስቦ በጋራ ቢቀመጥ፣ በችግር ቀን ለዘር ተበድሮ በመኸር ያለ ወለድ የሚመለስ የዘር ጎተራ ይሆናል። ዕድራችን ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለመኖርም ይሁን፤ ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ከመትከል ይልቅ በሬው ሳይሸጥ መድረስ ይሻላል። በቅዳሴ በመሠዊያ ላይ የምናቀርበው ኅብስት ከብዙ ቅንጣት አንድ የሆነ ነው፤ ይህን ኅብስት የተቀበለ ሰው ዘር ከጎደለው ጎረቤቱ ፊቱን ሊያዞር አይገባውም።

5. እሳቱ

በ1992 ዓ.ም. በጋ፣ ያም የድርቅ ዘመን ነበር፣ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ለሳምንታት ነደደ፤ ብዙ አሥር ሺህ ሔክታር ደን በላ። ገበሬውና ወታደሩ በቅጠልና በአካፋ ታገሉት፤ ከደቡብ አፍሪካና ከጀርመን ሳይቀር ባለሙያዎች ሊረዱ መጡ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደግሞ ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጠለ፤ የኬንያ ሄሊኮፕተርና የእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። በእንዲህ ያለው ቃጠሎ መነሻው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፦ ለማር ቈረጣ የተያዘ ጢስ፣ ለምንጣሮ የተለኮሰ ቍጥቋጦ፣ ሳይጠፋ የተተወ የከሰል ጕድጓድ። በእርጥብ ዓመት የማይጎዳው ያው እሳት በደረቅ ዓመት ተራራውን ይበላል።

እሳት በራሱ ክፉ አይደለም። የቦረና ሽማግሌዎች በጥንት ጊዜ መክረው፣ ወቅቱንና ነፋሱን ለይተው የግጦሹን ሣር ያቃጥሉ ነበር፤ እሾሃማውን ቍጥቋጦ ይገታል፣ መዥገሩን ያጠፋል፣ ዝናብ ሲመጣም ለምለም ሣር ያበቅላል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት ቃጠሎን በጠቅላላው ከለከለ፤ ቍጥቋጦው የግጦሹን ምድር እየወረሰ ከመጣባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ክልከላ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ በእሳቱ ላይ አይደለም፤ በምክር በተለኮሰና አንድ ሰው ለብቻው በለኮሰው እሳት መካከል ነው። በፋሲካ ዋዜማ የምንባርከው አዲስ እሳት በጉባኤ መካከል ይለኮሳል፤ ከሻማ ወደ ሻማ ሲተላለፍ ሁሉን ያበራል፣ ማንንም አያቃጥልም። እሳታችን ሁሉ እንዲሁ ይሁን።

ስለ ከሰልም አንድ ከባድ ነገር መናገር ይገባናል። ከብቱ ያለቀበት ሰው ለልጆቹ እንጀራ ሲል ግራሩን ቈርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከከተማ መንገድ ዳር በጆንያ ያቆማል። ዛፉ መቈረጡ ነገ ሌላ ድርቅ እንደሚያመጣ እርሱም ያውቃል። ይህን ሰው ከመንበረ ስብከት ማውገዝ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከሰሉን የሚገዛው ማን ነው? ለእርሱስ ሌላ የዕለት እንጀራ ማን ፈለገለት? «አትቍረጥ» የሚል ጉባኤ «እንዲህ ብለህ እደር» የሚል መንገድም አብሮ ሊያዘጋጅ ይገባል፤ ቡሳ ጎኖፋ የሚያስተምረን ይህን ነው። አለዚያ ትእዛዛችን በድኻው ትከሻ ላይ የሚጫን ሌላ ሸክም ብቻ ይሆናል።

6. ጸሎታችንና ሥራችን

አንዳንዶች «ነገሩ ሁሉ በሰው ሥራ ከሆነ ስለ ዝናብ መጸለይ ለምን?» ይሉ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ስለ ዝናብና ስለ ምድር ፍሬ ከመለመን ያቋረጠችበት ዘመን የለም፤ አታቋርጥምም። ቅዱስ ያዕቆብ ኤልያስ እንደ እኛ ያለ ሰው እንደነበረና ስለ ዝናብ እንደ ጸለየ ይነግረናል (ያዕ. 5)። በቀርሜሎስ ተራራ ፊቱን በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ፣ ብላቴናውን ሰባት ጊዜ ወደ ባሕሩ እየላከ ጠበቀ፤ በሰባተኛውም የሰው እጅ የምታህል ደመና ታየች (1ነገ. 18)። ነገር ግን ከዚያ ጸሎት በፊት ኤልያስ ሕዝቡን ሁሉ ወደ እርሱ ሰበሰበ፤ የፈረሰውን መሠዊያ በዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ጠገነ። የተከፋፈለው የዐሥራ ሁለቱ ነገድ ቍጥር እንደገና በአንድ መሠዊያ ላይ ቆመ። ሕዝቡ ሲሰበሰብ ሰማዩም ተከፈተ።

ጸሎት የእጅ ሥራን አይተካም፤ የእጅ ሥራም ጸሎትን አይተካም። ዝናብን ለምነን መሬቱን አራቍተን ብንጠብቀው፣ በ2016 ዓ.ም. እንዳየነው የጸሎታችን መልስ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል። እርከን ሠርተንና ኩሬ ቆፍረን ሳንጸልይ ብንቀርም፣ የሠራነውን ሁሉ የራሳችን ብቻ አድርገን እንቈጥራለን፤ ለጎረቤትም ልባችን ይዘጋል። በምሕላ ቀን መስቀሉን ተከትለን ስንወጣ አካፋውም አብሮን ይውጣ።

ስለዚህ በየቁምስናውና በየጸሎት ቤቱ፣ በጋው ከመግባቱ በፊት በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጉባኤ እንዲደረግ እንመክራለን። ካቴኪስቶች ሰብሳቢዎች ሁኑ። የመንደሩን ሽማግሌዎች፣ ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች፣ እረኞቹን፣ ከሰል አክሳዩን፣ የሌላ እምነት ጎረቤቶቻችንንም ጥሩ። አራት ጥያቄዎችን ብቻ አንሡ፦ በመንደራችን ውኃው ሲያንስ ተራውን የሚጠብቀው ማን ነው? ዘሩን የሚበላ ቤት እንዳለ አስቀድመን የምናውቀው እንዴት ነው? በደረቁ ወራት እሳት የሚለኩስ ሰው ለማን ይነግራል? በቤቱ ምንም የቀረው ጎረቤታችን ማን ነው፣ ለእርሱስ በመጀመሪያ ማን ይደርስለታል? መልሱ በወረቀት ይጻፍ፤ የሚጠብቀው ሰው በስሙ ይታወቅ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

የሰራፕታዋ መበለት ስትጠየቅ ለመጨረሻ ጊዜ ለልጇና ለራስዋ ልትጋግር እንጨት ትለቅም ነበር። ያላትን ከመጻተኛው ጋር ተካፈለች፤ ዝናብ እስኪመጣ ድረስም ማድጋዋ ዱቄት አላጣም። እግዚአብሔር የድርቁን ዘመን ያሳለፋት በደመና ሳይሆን በተካፈለችው ዱቄት ነው።

የሰማይና የምድር ፈጣሪ የሆነ አምላክ ዝናቡን በወቅቱ፣ በልኩና በምሕረት ያውርድልን። የተጠሙትን ያርካ፤ ያለቀባቸውን መንጋና የጠፋባቸውን ዘር ይመልስላቸው። በመከራ ቀን እርስ በርሳችን እንድንገናኝ እንጂ እንዳንበታተን፣ በአንዱ ጕድጓድ፣ በአንዱ ጎተራና በአንዱ ምክር ይሰብስበን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ፣ አሜን።